አሮጌውን የመኪና ቀለም ለአዲስ ቀለም ስለ ማዘጋጀት

በአውቶቡስ ተራ መነኻሪያ ዙሪያ የሚመላለስ ተሽከርካሪ አቧራና ጭቃ፣ ዘይትና የናፍጣ ጢስ ሳይለየው ይውላል። እንዲህ ያለውን መኪና እንደገና ማስቀባት ለባለንብረቱ ከፍ ያለ ወጪ ነው። አዲሱ ቀለም ዓመት ሳይሞላው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲነሣ ግን ወቀሳው በቀለሙና ባስመጣው ነጋዴ ላይ ያርፋል፤ ብዙውን ጊዜ ጉድለቱ የሚገኘው ከሥር ባለው በአሮጌው ቀለም አያያዝ ነው።

አዲሱ ቀለም የሚይዘው በላሜራው ላይ ሳይሆን በአሮጌው ቀለም ላይ ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ የአሮጌውን ዓይነት መመርመር ይገባል። ለዚህም በቲነር የራሰ ነጭ ጨርቅ ይበቃል። ከዓይን በተሰወረ ስፍራ፣ ለምሳሌ በበሩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ሲታሽ ቀለሙ ሟሙቶ ጨርቁን ካቀለመው፣ ኃይለኛ ቲነር ያለበት ቀለም ሲደረብበት ሊያሸበሽበው ይችላል። በዚህ ጊዜ ሁለቱን የሚለያይ ፕራይመር በመካከል ይደረጋል፤ አለዚያም አሮጌው ፈጽሞ ይነሣል። «ዱኮ» የሚለው ስም የመጣው ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1923 ለገበያ ካቀረበው ፈጥኖ ከሚደርቅ ቀለም ነው። ዛሬ ዱኮ የሚባለው ሁሉ ግን የዚያ ወገን አይደለምና ስሙን ከማመን ጨርቁን ማመን ይሻላል።

ከሁሉ የሚከፋው የቅደም ተከተል ስሕተት ነው። ብርጭቆ ወረቀት ከመነካቱ አስቀድሞ መኪናው በሳሙና ይታጠብ፤ ከዚያም በቅባት ማስለቀቂያ ይጠረግ። ሰም ወይም ሲሊኮን ያለበት ገላ ሳይጸዳ ከተፋቀ ቅባቱ ወደ ጭረቱ ይገባል፤ በኋላ በሚረጨውም ቀለም ላይ ክብ ክብ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይወጣሉ። ያን ጊዜ እንደገና ከመፋቅ በቀር መድኃኒት የለውም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ ስለዚህም ጣሪያውና ኮፈኑ ቀድመው ይጎዳሉ። እጅ ሲያርፍበት ዱቄት የሚሰጥ ቀለም ጠንካራው ክፍል እስኪገኝ ድረስ ይፋቃል። ዝገት ያለበት ስፍራ እስከ ላሜራው ይጸዳል። ለፕራይመር 320 ወይም 400 ቁጥር፣ ለመጨረሻው ቀለም 600 ወይም 800 ቁጥር ወረቀት ይስማማል። ስቱኮ ውሃ ስለሚጠጣ በደረቁ ይፋቃል። የአሮጌ ቀለም አቧራ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ሠራተኛው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን። ፕራይመር ብቻ የተቀባን መኪና በክረምት ደጅ ማሳደር በኋላ ቀለሙን ያሳብጠዋል።

እንግዲህ ቀለም አስመጪው ከቀለሙ ጋር የሚስማማውን ፕራይመርና ቅባት ማስለቀቂያ አብሮ ቢያስመጣ ከብዙ ወቀሳ ይድናል። ቲነር ቀድቶ የሚሸጥ ባለሱቅም ዓይነቱን በጠርሙሱ ላይ ይጻፍ። ባለንብረቱ ደግሞ ከጋራዡ ጋር ሲዋዋል የማዘጋጃውን ዋጋ ከመርጫው ዋጋ ለይቶ ያስጽፍ፤ ቀለሙም ከመረጨቱ በፊት መኪናውን በቀን ብርሃን ሄዶ ይመልከት።