በክረምት ጎመን ስለ መዝራት

ዘርን ሳያስታውቁ በሻንጣ ማስገባት በአውስትራሊያ ሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ በእጃችን ያለችው ጥቂት የሐበሻ ጎመን ዘር ልትባክን አይገባም። በሰንሻይን ክረምት መደብ ላይ ብትበተን ቡቃያዋን ቀንድ አውጣ ይጨርሳታል። ስለዚህ በሐምሌ ባለ 2 ሊትር የወተት ፕላስቲክ ወስደን ወገቡን ዙሪያውን እንቆርጣለን፤ እንዳይለያይ ግን በእጀታው በኩል ጥቂት እንተዋለን። ታቹን በስተን፣ አራት ጣት ያህል እርጥብ አፈር ጨምረን፣ ዘሩን በስሱ ከዘራን በኋላ ገጥመን በደጅ እናኖረዋለን። ክዳኑ ይውለቅ፤ ዝናብና አየር የሚገባው በዚያ ነውና። ፀሐይ በበረታበት ቀን እንክፈተው። ጎመን ቀላል ውርጭን ይችላል፤ በሶብላ ግን አይችልምና ጥቅምት እስኪጋመስ ይቆይ።

ቡቃያው አራት ቅጠል ሲያወጣ፣ በመስከረም፣ ወደ መደብ ይዛወራል፤ የሀገራችን አዲስ ዓመት እዚህም የጸደይ መግቢያ መሆኑ ደስ ያሰኛል። ሁሉንም ለጾም ወጥ አንቅጠፈው፤ ሁለት ሦስቱ አብበው ያፍሩ፤ ፍሬው ሲደርቅም ዘሩን ለጎረቤት እናካፍል።