የሹራብ ቀለም

ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዱከም ከተማ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረ። እናቱ አዲስ ልብስ የምትገዛበት ገንዘብ ስላልነበራት የእኅቱን አሮጌ ሹራብ አለበሰችው። የሹራቡም ቀለም እንደ ጽጌ ረዳ ነበረ።

በአንድ ብርዳም ጧት ወደ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ጓደኞቹ «አንቺ ልጅ፥ ነይ!» ብለው ሣቁበት። ልጁም አፍሮ ሹራቡን አወለቀ፤ በብርድም ይንቀጠቀጥ ጀመር።

መምህራቸው ይህን አይተው እንዲህ አሉ። «ልጆች ሆይ፥ ይህ ቀለም የሴት ብቻ ነው ያላችሁ ማን ነው? በፈረንጆች አቆጣጠር በ1918 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ አንድ የልብስ ነጋዴዎች መጽሔት፥ ይህ ቀለም ብርቱ ስለ ሆነ ለወንድ ልጅ፥ ሰማያዊው ግን ለሴት ልጅ ይስማማል ብሎ ነበር። ኋላ ግን ልማዱ ተገለበጠ። እንግዲህ ይህ የሰው ልማድ ነው እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። በአገራችንም አባትና እናት ሁለቱም ነጭ ነጠላ ይለብሳሉ። ስለዚህ አባቱን ‹እማዬ› ብሎ የሚጠራ ልጅ አለን?»

ልጆቹም ዝም አሉ። አስቀድሞ የሣቀው ልጅ ሹራቡን አንሥቶ አለበሰውና «ወንድሜ፥ ይቅር በለኝ» አለው።

ልጆች ሆይ፥ ልብስ ገላን ከብርድ ይጠብቃል፤ የለባሹን ማንነት ግን አይናገርም። ሕፃን ባያችሁ ጊዜ በቀለም ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ ስሙን ጠይቁ። በማንም ልብስ አትሣቁ፤ ሣቃችሁ ልብሱን ያስወልቀዋልና።