ትምህርት፦ ከመሮጫ ሜዳ ወደ ወንበር

ዛሬ የምንማረው በስፖርት ዝና ያገኘ ሰው መሪ ሲሆን ምን እንደሚያስፈልገው ነው። (ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ደራርቱ ቱሉ የበቆጂ ልጅ ናት። በ1984 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር፣ ማለት 25 ዙር ሮጣ፣ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋን የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘች። ልጅ ወልዳም በ1993 ሲድኒ ላይ ደገመችው። ከ2011 እስከ 2017 የአትሌቲክስ ፌዴሬሽናችንን በፕሬዚዳንትነት መራች። ፓርቲ ባይሆንም ወንበሩ በድምፅ የሚያዝ ነው፤ በጀትም ጭቅጭቅም አለበት።

የላይቤሪያው ኳስ ተጫዋች ጆርጅ ዊሃ ግን ፖለቲካ ውስጥ ገባ። በ1998 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር «አልተማረም» ተባለ፤ በሴት፣ በኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ ተሸነፈ። ከዚያ ተምሮ ዲግሪ ያዘ። በ2010 አሸነፈ። በ2016 ሲሸነፍም ሽንፈቱን ተቀብሎ ወንበሩን አስረከበ።

ከዚህ ሦስት ነገር እንያዝ፦
1. ዝና ድምፅ ያመጣል እንጂ ሥራውን አያስተምርም።
2. ትልቅ ሰው ሆኖ መማር አያሳፍርም።
3. ወንበር ያልፋል፤ በሰላም አስረክቦ መውረድም መሪነት ነው።

እኛም ሸረፊያ ላይ ገንዘብ ያዥ ስንመርጥ አፍ ያላትን ብቻ አንይ። ለታመመችው፣ ለአገር መግቢያ ቲኬት ላጣችው የምናዋጣው ሪያል በእሷ እጅ ነው። ደብተር የምትይዝ፣ ስትጠየቅ የማትቆጣ ትሁን። «እኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ» ብላችሁም አትሽሹ፤ መደመርና መቀነስ አርብ አርብ አብረን እንማራለን።

ጥያቄ፦ ብትመረጪ መጀመሪያ ምን መማር ትፈልጊያለሽ? አስባችሁበት ኑ።