የዳላስ ሐኪሞች የገለበጡት ቅደም ተከተል

ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በዳላስ በተገደሉበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1963፣ አብረዋቸው የቆሰሉትን የቴክሳስ አገረ ገዥ ጆን ኮናሊን በፓርክላንድ ሆስፒታል ደረታቸውን ከፍተው ያከሙት ዶክተር ሮበርት ሾው ነበሩ። ስማቸው የሚነሣው በአብዛኛው በዚሁ ነው። ለሳንባ ካንሰር ሕሙማን ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው ያሳተሙት ጥናት ይበልጣል።

በሳንባ አናት ላይ የሚበቅለው ካንሰር በፊላደልፊያው የራጅ ሐኪም በሄንሪ ፓንኮስት ስም «የፓንኮስት ዕጢ» ይባላል። ስፍራው ጠባብ ነው፤ ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች፣ ደም ቅዳውና ደም መልሱ በመጀመሪያው የጎድን አጥንት ላይ ተጠጋግተው ያልፋሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ምልክት ብዙውን ጊዜ ሳል ሳይሆን የትከሻ ሕመም ነው፤ እኛ «ብርድ ነው» ብለን በቅባትና በወጌሻ የምናልፈው ዓይነት። ሕመሙ በክንድ የውስጥ ጎን እስከ ትንሿ ጣት ከወረደ፣ ወይም በዚያው ወገን የዐይን ቆብ ወድቆ ብሌን ከጠበበ፣ ደረትን መመርመር ያስፈልጋል።

ይህ ዕጢ ለረጅም ዘመን በቀዶ ሕክምና የማይደፈር ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ሾው ግን ለማስታገሻ ያህል ጨረር የተሰጠው አንድ ሕመምተኛ ሕመሙ ሲለቀውና ዕጢው ሲያንስ ተመለከቱ፤ ከዚያም ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። ከዶናልድ ፖልሰንና ከጆን ኪ ጋር እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተሙት ዘዴ ይኸው ነው፦ አስቀድሞ ጨረር፣ ከሳምንታት በኋላ ዕጢውን ከተጣበቀባቸው የጎድን አጥንቶች ጋር በአንድነት ማውጣት።

ካንሰሩ ትልልቅ ደም መልሶችን ሲይዝስ? ከክንድ የሚመለሰው ቢቆረጥ ደሙ በጊዜ ሂደት በሌሎች ሥሮች መንገድ ያገኛል። ከራስና ከክንዶች ደም ሰብስቦ ወደ ልብ የሚያደርሰው የላይኛው ዋና ደም መልስ ግን ሌላ ነው። ጥቂት ጎኑ ብቻ ከተነካ ያ ክፍል ተቆርጦ ይሰፋል፤ ብዙው ከተያዘ በሰው ሠራሽ ቱቦ ይተካል። የምሕንድስና ትምህርት ያለው ሰው ችግሩን ወዲያው ይረዳዋል፦ መስመሩ ለስፌት ሲዘጋ ግፊቱ ወደ ኋላ፣ ወደ አንጎል ይመለሳል። በመሆኑም የመዝጊያው ደቂቃ ይቆጠራል። ካንሰሩ በደረት መካከል ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች ከተዛመተ ደግሞ ይህን ያህል መድከም እምብዛም ዋጋ የለውም።

ዛሬ ከጨረሩ ጋር ኬሞቴራፒ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱ በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ በዚህ መንገድ ከታከሙት 110 የፓንኮስት ዕጢ ሕሙማን 44 በመቶ ያህሉ አምስት ዓመት ቆይተዋል። በሽታው ያገረሸው በአብዛኛው ከደረት ርቆ ስለነበር፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንጎልም በኤምአርአይ ይታያል።