የአቡ ዘር አንደበት



በዚህ ሳምንት አንዲት እህት ፌስቡክ ላይ ልትለጥፈው ያዘጋጀችውን ጽሑፍ «ኡስታዝ፣ ከመለጠፌ በፊት ይዩልኝ» ብላ ላከችልኝ። ታናሽ እህቷ ሒጃብ በመልበሷ ከትምህርት ቤት በር ተመልሳለች። የጽሑፉ የላይኛው ክፍል ቀኑን፣ በሩ ላይ የተባለውን፣ ልጅቷን ያመለጣትን ፈተና ይናገራል። የታችኛው ክፍል ግን በሩ ላይ የቆመውን ሰውዬ ትቶ ወደ ብሔሩና ወደ ሃይማኖቱ ይሄዳል፤ «እነዚህ ሰዎች ድሮም ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ...» እያለ ይቀጥላል። የቀረውን አልደግመውም፤ በየቀኑ የምታነቡት ዓይነት ነው። ከሥሩ ደግሞ «እነሱ እኮ ከዚህ የባሰ ይሉናል» ብላ ጽፋልኛለች።

መልስ ከመስጠቴ በፊት አቡ ዘር (ረ.ዐ) ትዝ አሉኝ።

አቡ ዘር የጊፋር ጎሳ ሰው ነበሩ። በሰለሙ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገሩን ደብቀው ወደ ወገኖቻቸው እንዲመለሱ መከሯቸው። እሳቸው ግን ካዕባ ዘንድ ሄደው ሸሃዳቸውን ጮክ ብለው ተናገሩ። ቁረይሾች ተነስተው ደበደቧቸው፤ ዐባስ ላያቸው ላይ ተደፍተው፣ የሻም ንግዳቸው በጊፋር በኩል እንደሚያልፍ አስታውሰው አስጣሏቸው። በማግስቱ ተመልሰው ያንኑ ተናገሩ፤ በድጋሚም ተደበደቡ። መናገር ዋጋ እንደሚያስከፍል ከእኔና ከእናንተ በላይ ያውቃሉ።

እኚሁ ሰው ናቸው አንድ ቀን ከአንድ ሰው ጋር ተጣልተው በእናቱ የሰደቡት። እናቱ ዐረብ አልነበረችም። ሰውየው የእኛው ሐበሻ ቢላል (ረ.ዐ) ነው የሚሉ አሉ፤ ቡኻሪ ላይ ግን ስሙ አልተጠቀሰም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህንን ሲሰሙ፣ ገና ጃሂሊያ ያለብህ ሰው ነህ አሏቸው። ሙስሊም በዘገቡት ላይ አቡ ዘር ምክንያት አቅርበው ነበር፦ ሰውን የሰደበ ሰው አባት እናቱ መሰደባቸው አይቀርም የሚል። ማለትም እሱም ሰድቦኛል ነው ነገሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምክንያቱን ሰምተውም ያንኑ ነው የመለሱላቸው። ጥሉ በምን እንደተነሳ አንድም ቃል አልተነገረንም። ምናልባት እውነቱ ከአቡ ዘር ጋር ነበር። ሰውየው የተሰደበው ግን ባላደረገው፣ ሊቀይረውም በማይችለው ነገር ነው።

ከዓመታት በኋላ ረበዛ ላይ አንድ ሰው አገኛቸው። እሳቸውም አገልጋያቸውም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰዋል። ለምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው ይህንን የራሳቸውን ጥፋት ተረኩለት። እኛ ዛሬ የምናውቀው እሳቸው ስላልደበቁት ነው።

ታዲያ ከተግሳጹ በኋላ ዝምተኛ ሆኑ? አልሆኑም። ሻም ሳሉ ወርቅና ብር ስለሚያከማቹ ሰዎች በወረደው አንቀጽ (ተውባ 34) ላይ ከአስተዳዳሪው ከሙዓዊያ (ረ.ዐ) ጋር በግልጽ ተከራክረዋል። (ዑለሞች የሁለቱንም አቋም በአክብሮት ነው የሚያነሱት፤ እኛም እዚህ ገብተን ዳኛ አንሁን።) በቡኻሪ ዘገባ ክርክሩ ስለ አንቀጹ ነበር። የማንም እናት አልተነሳችም።

የአገራችን ሕግም ሁለቱን ለያይቶ ነው የሚያየው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብት ይሰጣል፤ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ለይቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግርን ይከለክላል። የሃይማኖት ትምህርትን ግን ከክልከላው ውጭ አድርጎታል። ይህቺ የመጨረሻዋ ሚንበር ላይ የምንወጣውን ሰዎች ልታስፈራን ይገባል፤ አዋጁ የተወልንን ቃል ሁለቱ መላእክት አይተዉልንም።

ይህንን ሁሉ ለእህቲቱ በድምፅ ላኩላት። የታችኛውን ክፍል አጠፋችው። ትንሽ ቆይታ ግን «እንግዲያው የላይኛውንም ልተወው? ነገር እንዳይመጣብኝ» አለችኝ።

እሱን አትንኪው አልኳት። ቀኑም ይኑር፣ በሩ ላይ የተባለውም ይኑር፣ ያመለጣት ፈተናም ይኑር።

ትናንት ማታ ለጠፈችው።

መልካም ጁሙዐ።