ድብርት ነው ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ታይሮይድንም አስመርምሩ

ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ አካባቢ፣ እትዬ የምንላቸው ጎረቤት አሉን። ቡና ሲያፈሉ ጀበናው እየገነፈለ ቁጭ ብለው ማየት ጀመሩ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት እየበሳች ጋቢ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ። ድምፃቸው ጎረነነ፣ የዓይናቸው ሽፋን አበጠ። አንድ ቀን ደጃፋቸው ላይ ቆመው ስሜን ለማስታወስ ሲታገሉ አየኋቸው፤ ሃያ ዓመት የጠሩኝን ስም። ልጆቻቸው «ሐዘን ነው» አሉ፣ ዘመድ «መንፈስ ነው» አለ። ዓመት ሊሞላ ሲል የደም ምርመራው የታይሮይድ ሆርሞናቸው ክፉኛ ማነሱን አሳየ።

ታይሮይድ አንገት ላይ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የሚገኝ ትንሽ ዕጢ ነው፤ ሲያብጥ እንቅርት የምንለው እሱን ነው። ሆርሞኑ ሲያንስ ልብና አንጀት ብቻ ሳይሆኑ አእምሮም ይዘገያል። ድብርት፣ መርሳት፣ ጭንቀትና የሐሳብ መጎተት ይመጣሉ። አልፎ አልፎም ሰው ያሳድደኛል ማለትና የሌለ ድምፅ መስማት ይከተላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ አሸር እ.ኤ.አ. በ1949 እንዲህ የታወኩ 14 ሕሙማንን ታሪክ አሳትሞ ነበር፤ አብዛኞቹ የታይሮይድ መድኃኒት ሲሰጣቸው ተሻላቸው። ሰበታ፣ ቡራዩም ሆነ ሱሉልታ ያላችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ የቀዘቀዘ ሰው ካለ እንዲህ አድርጉ።

ደረጃ 1፦ የተለወጠውን ጻፉ። «ደብሮታል» ማለት ለሐኪም አይበቃም። ብርድ አይችልም? ሆዱ ይደርቃል? ሳይበላ ይወፍራል? ቆዳው ሻክሯል፣ ፀጉሩ ይረግፋል? የወር አበባ ከወትሮው በዝቷል? ከመቼ ጀምሮ? ድብርት ብቻውን እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ያዛባል፤ ብርዱ፣ የድምፁ መጎርነንና የፊቱ ማበጥ ግን ወደ ታይሮይድ ይጠቁማሉ።

ደረጃ 2፦ ያለፈውን ጠይቁ። የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ያውቃል? ሴት ከሆነች፣ ከወለደች ዓመት አልሞላትም? ከቤተሰብ የታይሮይድ ሕመም ያለበት አለ? ለባይፖላር ሕመም የሚሰጠው ሊቲየም ራሱ ታይሮይድን ሊያዳክም ይችላል፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይኼ ነው። አንገቱ አላበጠም ብላችሁ ግን አትተዉት፤ እብጠት ሳይኖርም ሆርሞን ያንሳል፣ እንቅርት ያለበት ሁሉም ሆርሞኑ አያንስም።

ደረጃ 3፦ አጣዳፊውን ለዩ። ስለ ሞት የሚያወራ ወይም ራሴን አጠፋለሁ የሚል ሰው ለብቻው አይተው፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ይወሰድ። ሰውነቱ ቀዝቅዞ፣ እንቅልፍ ጥሎት፣ ንግግሩ ግራ የሚያጋባ ከሆነም እንዲሁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ደረጃ 4፦ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ምርመራውን በስሙ ጠይቁ፦ ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን) እና ፍሪ ቲ4 (ታይሮይዱ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን)። እዚያ የማይሠራ ከሆነ የሪፈር ወረቀት ይዛችሁ ውጡ፤ የጤና መድን ደብተር ካላችሁ ያለ ሪፈር ከፍላችሁ እንዳትጉላሉ። በሽተኛው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የሚታከምም ቢሆን «ታይሮይዱ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠውን ባዮቲን የሚወስድ ከሆነ ውጤቱን ስለሚያዛባ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ ያቁም።

ውጤቱን ወረቀቱ ላይ ካለው መለኪያ ጋር አስተያዩ። ቲኤስኤች በአብዛኛው ከ0.4 እስከ 4 ባለው ውስጥ ሲሆን ደህና ነው። እሱ ከፍ ብሎ ቲ4 ዝቅ ካለ ዕጢው ደክሟል። ቲኤስኤች ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ቲ4 ደህና ከሆነ ግን ድብርቱን ሁሉ በታይሮይድ አታሳብቡ። ይህን የምለው ሌላው ሕክምና እንዳይዘነጋ ነው።

ደረጃ 5፦ ክኒኑን በትክክል መዋጥ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሌቮታይሮክሲን የተባለው የታይሮይድ መድኃኒት በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጣል፤ ቁርስም ቡናም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያሉ። ቡና ወደ ደም የሚገባውን የመድኃኒት መጠን ይቀንሳል፤ እትዬ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያልተሻላቸው ክኒኑን ከአቦሉ ጋር ስለሚውጡ ነበር። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረት ክኒንና ካልሲየም በአራት ሰዓት ይራቁ። ጿሚ ከሆናችሁ ከእራት ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ልትተኙ ስትሉ መውሰድ ይቻላል፤ ሐኪማችሁንና የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ሱሉልታ ያላችሁ እንጦጦ ፀበል ስትወጡ ክኒኑን ቤት አትተዉት። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ፀበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ መክረው ነበር፤ ለዚህም ያው ነው። አረጋውያንና የልብ ሕመምተኞች በትንሽ መጠን ይጀምራሉ፤ መጠኑን በራሳችሁ አትጨምሩ።

ደረጃ 6፦ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ ቲኤስኤችን ድገሙ። ሰውነት ቀድሞ ይነቃል፣ ስሜት ዘግይቶ ይከተላል። ሆርሞኑ ተስተካክሎ ድብርቱ ከቀረ የአእምሮ ሕክምናው ይቀጥል፤ የድብርት መድኃኒትም በድንገት አይቋረጥ።

ለመከላከል ደግሞ ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለውን ምረጡ፤ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡትና ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት። በአገራችን በተደረገ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች ከመቶ 40 ገደማው እንቅርት ተገኝቶባቸው ነበር፤ የጨው አዮዲን ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ጨው ግን ይከላከላል እንጂ የደከመ ዕጢን አያድንም፤ ክኒኑን አይተካም።

ብዙዎች ክኒኑን ዕድሜ ልካቸውን ይወስዱታል። ስትሻሉ አታቁሙት፤ ብታረግዙም ወዲያው ለሐኪም ንገሩ፣ መጠኑ ይጨምራልና። ያቺን የጻፋችኋትን ወረቀት ይዛችሁ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂዱ።