አሸዋና ጠጠር ከየት ይውጣ?
ስለ ወንዝ ዳር መሬት ክለላና መልሶ ማልማት

በምሥራቅ ጎጃም በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ፣ ትምህርት ቤትና መንገድ ሲሠራ አሸዋና ጠጠር የግድ ይፈለጋል። ሰበካ ጉባኤያት በዚህ ጉዳይ ሁለት ድርሻ አላቸው፤ የወንዝ ዳር መሬት ጎረቤቶችም፣ የአሸዋው ገዢዎችም ናቸው። ስለዚህ ቁፋሮው የት እንደሚፈቀድ፣ የተቆፈረውም መሬት እንዴት እንደሚመለስ ማወቅ ይገባናል።

ከጮቄ ተራሮች ተነሥተው ወደ ዓባይ የሚወርዱት ሙጋና ሱሃን የመሰሉ ወንዞች በክረምት አሸዋ፣ ጠጠርና ደለል ይዘው ይመጣሉ። ጎርፉ የሚተኛበት ሜዳ የውኃውን ኃይል ያበርዳል፤ ውኃውን ወደ ምድር ያሰርጋል፤ ደለሉንም ለእርሻ ይተዋል። የወንዙ ወለል ከመጠን በላይ ሲቆፈር ግን ጎርፉ የጉድጓዱን አፍ እየናደ ወደ ላይኛው ተፋሰስ ይዘልቃል። ደለሉን በጉድጓዱ ጥሎ ያለፈው ውኃ ደግሞ በታች በኩል ዳርቻውን ይበላል። ወለሉ ዝቅ ሲል በአቅራቢያው ያሉ ጉድጓዶችና ምንጮች ይሸሻሉ፤ የድልድይ መሠረትም ይራቆታል። በፖርቱጋል በዶሮ ወንዝ ላይ የነበረ ድልድይ የካቲት 25 ቀን 1993 ዓ.ም. ተንዶ 59 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ለዓመታት የተካሄደው የአሸዋ ቁፋሮ እንደ ነበረ ተረጋግጧል።

ይህ እንዳይደርስ መሬቱ ከቁፋሮ በፊት በሦስት ሊከለል ይገባል።

አንደኛ፦ ፈጽሞ የማይቆፈርበት። ይህም የድልድይና የመስኖ መጥለፊያ አካባቢ፣ ጸበልና የመጠጥ ምንጭ፣ መካነ መቃብር፣ የቤተ ክርስቲያን ደንና ዛፍ የያዘ የወንዝ ዳርቻ ነው።

ሁለተኛ፦ በልክ የሚቆፈርበት። ክረምቱ አዲስ ያመጣውን አሸዋ ብቻ፣ በበጋ፣ በችካል ከተመለከተው ጥልቀት ሳያልፉ ማውጣት ይቻላል።

ሦስተኛ፦ ከጎርፍ መተኛው ርቆ ያለ ከፍ ያለ መሬት። ጠጠር በብዛት የሚፈለግ ከሆነ መልሶ የማልማት ግዴታ ተይዞበት ከዚህ ይውጣ።

መልሶ ማልማት የሚጀመረው በቁፋሮው የመጀመሪያ ቀን ነው። የላይኛው ለም አፈር ተገፍፎ ለብቻው ይከመራል፤ የታችኛው አፈርም ከእርሱ ጋር አይቀላቀልም። ሥራው ሲያበቃ የጉድጓዱ ጠርዝ ይደለደላል፤ የታችኛው አፈር ቀድሞ፣ ለሙ አፈር ከላይ ይመለሳል፤ ከዚያም ሣርና ዛፍ ይተከላል። ለሙ አፈር አስቀድሞ ከተደባለቀ ወይም በጎርፍ ከሄደ በኋላ በገንዘብ አይተካም። ክፍት የቀረ ጉድጓድ ውኃ ሲያቁር የወባ ትንኝ ይራባበታል፤ ሕፃናትና ከብቶችም ይሰጥሙበታል።

ሕጉም ከዚህ ሐሳብ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ደንግጓል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አንድ ሥራ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት አስቀድሞ እንዲመረመር ያዛል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ም የማዕድን ሥራን በፈቃድ የሚመራ አድርጎታል።

አሸዋ በማውጣት የሚተዳደሩ ወጣቶች የእኛው ልጆች መሆናቸውን አንዘነጋም። ዓላማችን እንጀራቸውን ማቋረጥ ሳይሆን፣ ነገም የሚያወጡት አሸዋ፣ የሚያርሱትም መሬት እንዲኖራቸው ነው። ስለዚህ አጥቢያው አሸዋ ሲገዛ ፈቃዱንና የወጣበትን ቦታ ይጠይቅ፤ በውሉም ያስፍር። በዚህ ምክንያት ዋጋው ጥቂት ቢጨምር፣ ቤተ መቅደሱ የጎረቤትን እርሻ አፍርሶ እንዳይታነጽ የተከፈለ ዋጋ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦
1. በአጥቢያችን ባለፉት ዓመታት ለግንባታ የገዛነው አሸዋ ከየት ወጣ? ቦታውስ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ነው?
2. ፈጽሞ ሊቆፈሩ የማይገባቸው ቦታዎቻችን የትኞቹ ናቸው? ለቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ በጽሑፍ አስታውቀናልን?
3. ክፍት ከቀሩት ጉድጓዶች መካከል ከመጪው ክረምት በፊት በጋራ ልንደለድለው የምንችለው የትኛውን ነው?

ምድርን የማልማትና የመጠበቅ አደራ ለሰው በአንድነት የተሰጠ ነው። ካህናት አባቶች ይህን ለምእመናን ሲያስተምሩ፣ ሰበካ ጉባኤያትም ቦታዎቹን በእግራቸው ዞረው በመመልከት ትምህርቱን በሥራ እንዲገልጡት አደራ እንላለን።